የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሕይወትና የነፍስ ነገር

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አንድ አምላክ ብለን እንጀምራለን። የሮቢት ካህናትና ምእመናን ሆይ፣ ለደብራችን በዓለ ኢዮቤልዩ በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለእኛ የደረሰን ክፍል የአንድ ቅዱስ መምህር ሕይወት ነው፤ ይኸውም የአገራችን የወሎ ልጅ ሊቁ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ነው። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ መታነጽና በዚሁ ስለ ደከሙት አባቶች መናገር የሌሎች ክፍል ነውና እኛ ወደዚያ አንገባም።

ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ሕግ እንደ ተሠራው፣ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ የሚመጣው ኀምሳኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ በድህነት ምክንያት የተሸጠ ርስት ወደ ጥንት ባለቤቱ ይመለሳል፤ ለባርነት የተሸጠ ሰውም ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኖቹ ይገባል። መጽሐፈ ኩፋሌም የዓለምን ዘመን የሚቈጥረው በዚሁ በኢዮቤልዩ ነው። እንግዲህ መሬት እንኳ ጥንተ ባለቤት ካለው፣ ነፍስስ የማን ርስት ናት? ከወዴትስ መጣች? ብትበድልስ የምትበድለው ማንን ነው? የአባ ጊዮርጊስን ሕይወት ለዚህ በዓል የመረጥነው እነዚህ ጥያቄዎች በእርሱ ኑሮ ውስጥ ተሠርተው ስለሚታዩ ነው።

ጥያቄውም ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የተተወ አይደለም። በምሥራቅ ከዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ከላስታ ደጋ መካከል በተዘረጋው በዚህ በቆቦ ሜዳ በየጊዜው ይነሣል። አንደኛው፣ ሕፃን ዐይኑ ሳያይ ወይም እግሩ ሳይጸና ሲወለድ፣ ወይም ልጅ ለትምህርት ተሰጥቶ ፊደል አልገባው ሲል፣ ሰዎች በልባቸው ምን በደል ኖሮበት ይሆን እያሉ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው፣ ጠብ ተነሥቶ ደም በፈሰሰ ጊዜ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ካሣ ይቈርጣሉ፤ ካሣውም ከተከፈለ በኋላ በዳዩ ከሰው ጋር ታርቄአለሁና ሌላ ዕዳ የለብኝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመጀመሪያው ጥያቄ የነፍስን ምንጭ የሚመለከት ነው፤ ሁለተኛውም ኃጢአት በማን ላይ እንደሚሠራ የሚመለከት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ነው፤ ይህንንም ወደ ታች እናሳያለን።

ልደቱና ወደ ሐይቅ መግባቱ

አባ ጊዮርጊስ በ1357 ዓ.ም. ገደማ፣ በጥንት ስሙ ቤተ ዐምሐራ በሚባለው በዛሬው ወሎ፣ ሰግላ በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን፣ እናቱም እምነ ጽዮን ይባሉ ነበር። አባቱ የተማረ ካህን ሆኖ በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን ያገለግል ነበርና፣ ልጁ ገና በሕፃንነቱ የማሕሌት ድምፅና የዕጣን መዓዛ ሳይለየው አደገ። በተወለደባት ስፍራ ስም ጊዮርጊስ ዘሰግላ የሚሉት አሉ፤ ባረፈበት ስፍራ ስም ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የሚሉት ግን ይበዛሉ።

ለትምህርት በደረሰ ጊዜ አባቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወስዶ ለገዳሙ ሰጠው። ይህ ገዳም ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ከሮቢት ተነሥቶ በወልድያ፣ በመርሳ፣ በውርጌሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ ሐይቁን ያያል። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ መነኮሳትን ሰብስቦ፣ መጻሕፍት አስጽፎ፣ ትምህርት አስፋፍቶ ነበር፤ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጠውም ወንጌል እስከ ዛሬ ይታወቃል። ከዚያ ጊዜ በኋላ ሐይቅ የብዙ ሊቃውንት ምንጭ ሆነ፤ የገዳሙ አለቃም ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በነገሥታት ዘንድ ታላቅ ክብር ነበረው። ሕዝበ ጽዮንም ልጁን ለዚህ ቤት ሲሰጥ፣ ከተማሪዎች ሁሉ ብልህ ሆኖ ይወጣል ብሎ ተስፋ ማድረጉ አይቀርም።

ሰባቱ የድካም ዓመታት

ዳሩ ግን ነገሩ እንደ ታሰበው አልሆነም። ገድሉ እንደሚተርከው ጊዮርጊስ ሰባት ዓመት ሙሉ ከመምህር እግር ሥር ቢቀመጥ ትምህርት ሊገባው አልቻለም። እኩዮቹ ዳዊት ደግመው ወደ ዜማ ሲሻገሩ እርሱ ከነበረበት አልተነቃነቀም። በዚህም ምክንያት ከመጽሐፍ ይልቅ ለገዳሙ ሥራ ተሰጠ፤ በወፍጮ እህል እየፈጨ መነኮሳቱን ያገለግል ነበር። ይህን የሰማ አባት ልቡ ቢያዝን፣ ጓደኞቹም ቢስቁበት፣ የሚያስደንቅ አይደለም። የቈሎ ተማሪ የነበረ ሁሉ የዚህን ሥቃይ መጠን ያውቀዋል፤ ከረኀቡና ከውሻው ይልቅ ትምህርት አልገባህም መባል አጥንት ይሰብራል።

አሁን ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ታላቅ ክርክር ያስነሣውን ጥያቄ በዚህ ሕፃን ላይ እናንሣው። አንዱ ሕፃን ብልህ፣ አንዱ ደካማ፤ አንዱ በቤተ መንግሥት፣ አንዱ በድኻ ጎጆ፤ አንዱ ሙሉ አካል፣ አንዱ ዕውር ሆኖ ስለ ምን ይወለዳል? በእስክንድርያ የነበረው አርጌንስ፣ በጽርእ ስሙ ኦሪጌኔስ፣ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ደክሟል። ይህ ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ185 ዓ.ም. ገደማ የተወለደ፣ አባቱ ስለ ክርስቶስ ሰማዕት ሆኖ የሞተ፣ ራሱም በዳክዮስ ስደት ጊዜ የተሠቃየ፣ በመጻሕፍት ዕውቀት ወደር ያልነበረው መምህር ነበር። ዳሩ ግን የነፍስን ነገር ሲመረምር ከአባቶች መንገድ ወጣ። ነፍሳት ሁሉ ከዚህ ዓለም አስቀድሞ እኩል ሆነው ተፈጥረው በእግዚአብሔር ፊት ይኖሩ ነበር፤ ኋላም በፍቅር ቀዝቅዘው ወደቁ፤ ሥጋም ለያንዳንዳቸው እንደ አወዳደቃቸው መጠን ተሰጣቸው ብሎ አሰበ። እንደዚህ ከሆነ ዕውር ሆኖ የሚወለድ ሕፃን፣ ፊደልም የማይገባው ልጅ፣ ከመወለዱ በፊት የበደለውን ዕዳ እየከፈለ ነው ማለት ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ400 ዓ.ም. ይህን የአርጌንስን ትምህርት በሲኖዶስ አወገዘ። የአርጌንስ ስም አባ ጊዮርጊስ ኋላ በጻፈው በመጽሐፈ ምሥጢር ውስጥ ከመናፍቃን ጋር ተቈጥሮ ይገኛል።

ይህ ዐሳብ መልካም የማይሆነው ስለ ምንድር ነው? ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ እንደ ጻፈው፣ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጌታችንን በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን ሁለቱንም አልተቀበለም፤ የሰውየው ዕውርነት የእግዚአብሔር ሥራ እንዲገለጥበት መሆኑን ነገራቸው። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ያዕቆብና ስለ ዔሳው ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ፣ ገና ሳይወለዱ በጎም ክፉም እንዳልሠሩ ያስረዳል። እንግዲህ ከመወለድ በፊት የተሠራ ኃጢአት የለም፤ በድካም የተወለደም ልጅ የማያውቀውን ዕዳ ከፋይ አይደለም።

አባቶቻችን ስለ ነፍስ የሚያስተምሩን

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት እንዲህ ነው። እግዚአብሔር በስድስት ቀን ሃያ ሁለት ሥነ ፍጥረትን ፈጥሮ በመጨረሻ ሰውን በመልኩና በምሳሌው ፈጠረ። ሥጋውን ከአራቱ ባሕርያት፣ ይኸውም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት አበጀው፤ የሕይወትንም እስትንፋስ እፍ አለበት። ነፍስም ሦስት ባሕርያት አሏት፤ ልባዊት ናትና ታስባለች፤ ነባቢት ናትና ትናገራለች፤ ሕያዊት ናትና አትሞትም። አራቱ የሥጋ፣ ሦስቱም የነፍስ ሲደመሩ ሰባት ይሆናሉ፤ ሰው ማለትም የነዚህ አንድነት ነው። ነፍስ ብቻዋን፣ ሥጋም ብቻውን ሰው አይባልም።

በዚህ ቦታ ሁለት ስሕተት እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እግዚአብሔር እፍ አለበት ማለት ነፍስ ከባሕርየ መለኮት ተቈርሳ የወጣች ናት ማለት አይደለም፤ ነፍስ ፍጡር ናት፤ ካለመኖር ወደ መኖር የመጣች ናት። ደግሞ ነፍስ ቀድማ በሌላ ስፍራ ኖራ ወደ ሥጋ እንደ ወህኒ ቤት የምትጣል አይደለችም፤ ሥጋም እስር ቤትዋ ሳይሆን ባልንጀራዋ ነው። የዚህ አገር ገበሬ ይህን ከማሽላው ሊማር ይችላል። ዘሩን ወደ መሬት ሲጥል በዘሩ ውስጥ ያለችው ሕይወት ከሌላ ጎተራ የመጣች አይደለችም፤ ከዘሩ ጋር አብራ ናት፤ የዘሩም ባለቤት ዝናቡን የሚሰጥ እርሱ እግዚአብሔር ነው። እንደዚሁም የሰው ልጅ ሥጋው ከወላጆቹ ሥጋ፣ ነፍሱም ከወላጆቹ ነፍስ በፈጣሪ ኃይል ይገኛል ብለው መምህሮቻችን ያስተምሩናል። ጌታችንም ሰው በሆነ ጊዜ ከእመቤታችን ሥጋን ብቻ ሳይሆን ነፍስንም ነሥቶ ፍጹም ሰው እንደሆነ የምናምነው ስለዚህ ነው። የሎዶቅያው አቡሊናርዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስቶስ ልባዊት ነፍስን አልነሣም ባለ ጊዜ አባቶች የተቃወሙት፣ ያልተነሣ ባሕርይ ያልዳነ ባሕርይ ይሆናልና ነው።

ከአዳም በደል የተነሣ በሰው ባሕርይ ላይ ሞትና ድካም መጥቶበታል፤ ስለዚህም ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ቍጥሩ በኩፋሌ እንደ ተጻፈው አዳም በ40፣ ሔዋንም በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን የሚያሳስብ ነው። ይህ ግን ሕፃኑ ራሱ አስቀድሞ በደለ ማለት አይደለም። ከአዳም የወረስነው ቍስል ነው፤ በገዛ ፈቃዳችን የምንሠራው ግን የራሳችን በደል ነው። ቍስለኛ ይታከማል፤ በዳይ ደግሞ ንስሐ ይገባል፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

የልቡና ጽዋ

ወደ ሕፃኑ ጊዮርጊስ እንመለስ። ከወፍጮው ሥራ ሲያርፍ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እየወደቀ ያለቅስ ነበር። ተስፋ ቈርጦ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ በብልሆቹም ላይ አልቀናም። ገድሉ እንደሚተርከው እመቤታችን ከቅዱስ ዑራኤል ጋር ተገልጣ የልቡና ጽዋ አጠጣችው፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ልቡ ተከፍቶ የብሉይና የሐዲስ ምሥጢር ተገለጠለት። በሥዕላት ላይ ቅዱስ ዑራኤል ጽዋ ይዞ ለአባ ጊዮርጊስ ሲሰጥ የምናየው ይህን ታሪክ ነው።

በዚህ ታሪክ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ነፍሱ በሰባቱ ዓመታት ውስጥም ልባዊት ነበረች፤ ጽዋው አዲስ ነፍስ አልሰጠውም፤ በነበረችው ነፍስ ላይ ጸጋ ጨመረላት እንጂ። ትምህርት ያልገባው ሕፃንና የመጻሕፍት ደራሲ የሆነው ሊቅ ያው አንድ ሰው ነው። በወፍጮው አጠገብ የናቀው ሰው ቢኖር፣ የናቀው ደካማ ተማሪን ሳይሆን የእግዚአብሔርን እስትንፋስ የተቀበለችን ነፍስ ነው።

የመጻሕፍት ደራሲ

ከዚህ በኋላ አባ ጊዮርጊስ በመዓርገ ክህነትና በምንኵስና ከፍ ከፍ አለ፤ በዐፄ ዳዊትም ቤተ መንግሥት የንጉሡን ልጆች እስከ ማስተማር ደረሰ። የድርሰቱ ብዛት የሚያስደንቅ ነው። በየቤተ ክርስቲያናችን ሌሊት የሚቆመው ሰዓታት የእርሱ ድርሰት ነው። ፍካሬ ሃይማኖትና ውዳሴ መስቀልም የእርሱ ናቸው፤ አርጋኖነ ውዳሴንም አባቶች ከድርሰቶቹ ጋር ይቈጥሩታል።

በነሐሴ ከ1 እስከ 15 ባለው በጾመ ፍልሰታ በደብራችን የሚያድር ሰው ሁሉ የዚህን መምህር ሥራ በጆሮው ይሰማል። የክረምቱ ዝናብ ከጣራው ላይ ሲወርድ፣ ካህናቱ በመቋሚያ ተደግፈው ሰዓታቱን ሲያደርሱ፣ የሚጸልየው ነፍስ ብቻ አይደለም፤ እግርም ይቆማል፣ ግንባርም ይሰግዳል፣ ጉሮሮም ያዜማል። ሥጋ የነፍስ ወህኒ ቢሆን ኖሮ በጸሎት ጊዜ ጸጥ እንዲል በተደረገ ነበር። ሰዓታት ግን ሥጋንና ነፍስን በአንድነት ለአምላካቸው ያቆማቸዋል፤ በአንድነት የተፈጠሩት በአንድነት ያመሰግናሉ፤ በትንሣኤም ቀን በአንድነት ይነሣሉ።

ክስና እስራት

መልካም ስም ቅናትን ሳይጠራ አይቀርም። በቤተ መንግሥት ቢቱ የሚባል ሰው ነበረ፤ በሃይማኖት ነገር ከአባ ጊዮርጊስ ጋር ተከራከረ። የክርክራቸውም ምክንያት በዳግም ምጽአት ጊዜ ስለ ሥላሴ መገለጥ ነበር። አባ ጊዮርጊስ የሥላሴ አንድነት በመገለጥም ቢሆን የማይከፈል መሆኑን አጽንቶ ተናገረ። ነገሩ ግን በክርክር አላበቃም፤ በንጉሡ ፊት ተከሰሰና በዐፄ ዳዊት ትእዛዝ ታሰረ። የንጉሡን ልጆች ያስተማረ መምህር፣ ስለ ቀናችው ሃይማኖት ሲል የእስረኛ እንጀራ በላ።

እንግዲህ ሁለተኛውን ጥያቄ እናንሣ። በዚህ እስራት የተበደለው ማን ነው? በሰው ዐይን የተበደለው አባ ጊዮርጊስ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ከዚህ ያልፋል። ነቢዩ ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን በወሰደ ጊዜ የበደለው ሰውን ነበር፤ ዳሩ ግን ናታን ከገሠጸው በኋላ በኀምሳኛው መዝሙሩ ሲናዘዝ በደሉ በእግዚአብሔር ላይ እንደሆነ አመነ። ኦርዮን ረስቶ አይደለም፤ የኦርዮ ነፍስ የማን እንደ ነበረች አስታውሶ ነው እንጂ። ዮሴፍም በግብፅ የጌታው ሚስት ባስገደደችው ጊዜ፣ የሚበድለው ጌታውን ቢሆንም፣ የፈራው በእግዚአብሔር ፊት ኃጢአት መሥራትን ነበር። ለኖኅ በተሰጠው ሕግም የሰው ደም መፍሰስ የተከለከለበት ምክንያት ተነግሮ ይገኛል፤ ይኸውም ሰው በእግዚአብሔር መልክ መፈጠሩ ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙት በዚህ ላይ ነው። ነፍስ ከእግዚአብሔር እጅ ካልመጣች በነፍስ ላይ የሚደረግ በደል በሰው መካከል የሚቀር ነገር ይሆናል። ነፍስ ከጥንት ጀምሮ በሌላ ስፍራ በድላ የመጣች ብትሆን ደግሞ በዳዩ የሚያሠቃየው ለሥቃይ የተመደበን ባለ ዕዳ ነው ሊባል ነው። እግዚአብሔር ራሱ እስትንፋስ የሰጣት ንጹሕ ፍጥረት ከሆነች ግን፣ በርስዋ ላይ እጁን ወይም ምላሱን የሚያነሣ ሁሉ በባለቤትዋ ላይ አነሣ። የሌላውን ከብት የመታ ከባለ ከብቱ ጋር እንደሚጣላ፣ የእግዚአብሔርን ሰው የበደለም ከእግዚአብሔር ጋር ይጣላል። ነፍስም ራስዋ በፈቃድዋ ስትበድል፣ የበደለችው የሰጣትን ነው።

አባ ጊዮርጊስ ይህን የሚያውቅ ስለ ነበረ በእስራቱ ጊዜ በበቀል መንገድ አልሄደም። መልሱን በጽሕፈት አደረገ፤ ሰውየውን ሳይሆን ስሕተቱን ተዋጋ። ዐፄ ዳዊትም በ1406 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሊቁ በሕይወት ኖሮ ታላቁን ሥራውን ለመፈጸም በቃ።

መጽሐፈ ምሥጢር

ይህ ታላቅ ሥራ መጽሐፈ ምሥጢር ነው። በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት፣ ሰኔ 21 ቀን 1416 ዓ.ም. ተፈጸመ። 30 ምንባባት አሉት፤ እያንዳንዱም በዓመቱ በዓላት በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ተመድቧል። ሊቁ በዚህ መጽሐፍ ከሰባልዮስና ከአርዮስ ጀምሮ እስከ ቢቱ ድረስ፣ በምሥጢረ ሥላሴና በምሥጢረ ሥጋዌ የሳቱትን እየጠራ በመጻሕፍት ምስክርነት ይመልስላቸዋል። ዶክተር ያዕቆብ በየነ የግዕዙን ንባብ ከኢጣልያንኛ ትርጓሜ ጋር በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1990 እስከ 1993 ዓ.ም. በሉቨን ከተማ ስላሳተሙት፣ የወሎው ሊቅ ትምህርት ዛሬ በውጭ አገር መጻሕፍት ቤቶችም ይገኛል።

ይህን መጽሐፍ ለየበዓሉ መመደቡ ዐሳቡን ያሳያል። የሃይማኖት ምሥጢር ለጥቂት ሊቃውንት የተቈለፈ ሣጥን እንዳይሆን፣ በበዓል ቀን ሴቱም ወንዱም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም እንዲሰማው ወደደ። ሰባት ዓመት ትምህርት ያልገባው ሰው ሌላውን ሳይታክት ለማስተማር መትጋቱ የሚገባ ነገር ነው።

ዕረፍቱ

በኋላ ዘመኑ መኖሪያው ያደረገው በምዕራብ በኩል በቦረና አገር ያለውን ጋሥጫን ነው። በዚያም ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ፤ መጽሐፈ ምሥጢርን ከፈጸመ አንድ ዓመት ከጥቂት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ሐምሌ 7 ቅድስት ሥላሴ ወደ አብርሃም ድንኳን የገቡበት መታሰቢያ በዓል ነው። ስለ ሥላሴ አንድነት የታሰረው መምህር በሥላሴ በዓል ቀን ማረፉን አባቶች እንደ ታላቅ ምልክት ይቈጥሩታል። ነፍሱ ወደ ሰጣት ተመለሰች፤ ሥጋውም በጋሥጫ የትንሣኤን ቀን ይጠብቃል።

ይህ ሕይወት ለእኛ የሚናገረው

ወገኖቼ ሆይ፣ ታሪክ ለመደነቅ ብቻ የሚነበብ ከሆነ ፍሬው ትንሽ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ያነሣናቸውን ሁለቱን ጥያቄዎች በዚህ ሕይወት መልስ እንስጣቸው።

ፊደል ለማይገባው ልጅ፣ ወይም አካሉ ሳይሞላ ለተወለደው ሕፃን፣ የቀድሞ በደል አንፈልግለት። እናቱንም በሹክሹክታ አናሳዝናት። ወላጆች እንዲህ ያለውን ልጅ ከእንግዳ ዐይን በጓዳ ሊሰውሩት አይገባም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ወደ ትምህርት ቤትም ያምጡት። የኔታ የሆንን መምህራንም አርጩሜ ከማንሣታችን በፊት በሐይቅ ወፍጮ አጠገብ ተቀምጦ የነበረውን ሕፃን እናስብ። መነኮሳቱ ያን ጊዜ ከገዳም አስወጥተውት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በፍልሰታ ሌሊት የምናዜመውን ከወዴት እናገኘው ነበር?

ሁለተኛ፣ የሽማግሌዎች ዕርቅ ቅዱስ ነገር ነው፤ ደምን ያደርቃል፣ ልጆችን ከበቀል ያድናል። ካህናትም መስቀል ይዘው ከሽማግሌዎች ጋር ሲቀመጡ መልካም ያደርጋሉ። ነገር ግን ካሣ የሚከፈለው ለሟች ወገን ነው፤ የሟች ነፍስ ባለቤት ግን እግዚአብሔር ነው፤ ከእርሱም ጋር ዕርቅ የሚገኘው በንስሐ ነው። በሐሰት የመሰከረ፣ የድንበር ድንጋይ ያፈለሰ፣ የድኻውን የማሽላ አዝመራ ያስበላ፣ ባልንጀራውንም ያሰደበ ሁሉ፣ ሰውን ካሣ ከከፈለ በኋላ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፤ በደሉን በስሙ ጠርቶ ይናገር፤ ቀኖናውን ተቀብሎ ይፈጽም። አስቀድሞም ካሣውን ሳይከፍል ወደ ንስሐ የሚሮጥ ሰው ቢኖር፣ ባለ መሥዋዕቱ መባውን ከመሠዊያው ፊት ትቶ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ጌታችን ማዘዙን ያስታውስ። ካሣ ያለ ንስሐ ጎዶሎ ነው፤ ንስሐም ያለ ካሣ ጎዶሎ ነው።

ዕድሌ ነው፣ ከማኅፀን የተጻፈብኝ ነው ብሎ ኃጢአቱን በፍጥረቱ ላይ የሚያሳብብ ሰውም መልሱን ከዚሁ ያገኛል። ነፍሱ ወደዚህ ዓለም በድላ ተፈርዶባት አልመጣችም፤ በፈቃድ የምትመርጥ ሆና ተፈጠረች። በደሉ የራሱ ስለሆነ ያሳፍራል፤ የራሱ ስለሆነም ሊተወው ይችላል። ከጥንት የተፈረደበት ሰው ተስፋ የለውም፤ በፈቃዱ የወደቀ ሰው ግን በፈቃዱ ይነሣል፤ እግዚአብሔርም እጁን ይሰጠዋል።

በኢዮቤልዩ ዓመት ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል ብለናል። ዘንድሮ ደብራችን በዓሉን ሲያከብር፣ ለበዓሉ የሚሆነው ዋና ስጦታ ገንዘብ ወይም የታረደ በሬ አይደለም፤ በኃጢአት የተሸጠች ነፍስ ወደ ጥንተ ባለቤትዋ መመለስዋ ነው። በየቤታችሁ የቈየ ቂም ካለ በዚህ በዓል ይውረድ፤ የተያዘ ርስት ካለ ይመለስ፤ ለብዙ ዓመት ከንስሐ አባቱ የተለየም ይቅረብ።

የአባ ጊዮርጊስን ልቡና የከፈተ አምላክ የእኛንም ይክፈትልን፤ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።